ስድሳ ሦስት ሚሊዮን መስመር አቤቱታ

በከተማችን ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አንድም ወረቀት ጥሎ የማያውቅ ግን የእኛ ሬዲዮ ጣቢያ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ጃንጥላ የተረከቡበት ደረሰኝ እስከ ዛሬ በክብር ተቀምጧል፤ ጃንጥላው የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። እኔ የጣቢያው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ባለፈው ወር ከረቡዕ እስከ ዓርብ የተፈጸመውን ታላቅ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ሆኜ ስላየሁ፣ መጪው ትውልድ እንዲኮራበት እነሆ አስቀምጣለሁ።

ታላቁ ሥራ የተጀመረው በአንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ሳጥኗ ከአንድ ዳቦ አትበልጥም፤ ጥቁር ናት፣ ከፊቷ ሁለት አረንጓዴ መብራቶች አሏት። ስቱዲዮው ጥግ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ድምፃችንን ኮረብታው ላይ ወዳለው ማሰራጫ የምትልከው እሷ ናት። በውስጧ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓትና አራት ጊጋባይት የምታህል ማከማቻ አለች። ሥራ አስኪያጃችን በየሰኞው ጠዋት በቀጥታ ከሚያደርጉት ንግግር በቀር የምናስተላልፈው ሁሉ ቀድሞ ይቀዳና ሳጥኗ ውስጥ ይገባል፤ በማግስቱ ሰዓቱን እየጠበቀች ራሷ ታወጣዋለች። ማንም አይቀሰቅሳትም፣ ማንም አያመሰግናትም፣ የዓመት ፈቃድም ጠይቃ አታውቅም።

ይህች ታታሪ ሳጥን ረቡዕ ጠዋት የማክሰኞን ዜና ደግማ አስተላለፈች።

መጀመሪያ ያስተዋለው ሰው አልነበረም። ዜናው እንደ ወትሮው ነበርና ማክሰኞንና ረቡዕን መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ነገሩ የታወቀው በፍየል ነው። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ቀይ ፍየል እንደ ጠፋች አስነግረን ነበር፤ ፍየሏም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተገኝታለች። ረቡዕ ጠዋት ግን ሬዲዮው ጠፍታለች ስላለ፣ ባለቤቷ ፍየሏን በዓይኑ እያየ እንደገና ሊፈልጋት ወጣ። ሲወጣ በሩን አልዘጋውም፤ ፍየሏም እውነትም ጠፋች። እንዲህ ሆነን ዜናውን ከድርጊቱ አንድ ቀን ቀድመን ዘገብን።

ቴክኒሻናችን በሙያዋም በቁመናዋም ምክንያት «ሽቦ» የምንላት ወጣት ናት። እሑድ ሠርጓ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሥራዋን የምትሠራው ግማሹን እየሮጠች ነበር። ኮምፒውተሯን ከሳጥኗ ጋር አገናኝታ ውስጧን አየችና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። እኔ ጥግ ይዤ የባለፈውን ስብሰባ እየገለበጥኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ሳጥኗ ሞልታለች» አለች።

«በምን?»

«በራሷ ጽሑፍ። ሎግ የሚባል ማስታወሻ አላት፤ የምትሠራውን፣ የሚያስቸግራትን ሁሉ እዚያ ትጽፋለች። እሱ ቦታውን ሁሉ ይዞባት አዲሱ ፕሮግራም አልገባም አለ። ስለዚህ ያላትን ማክሰኞን ትደግማለች። ሁለት ደቂቃ ይስጡኝና አሮጌውን ላጥፋው።»

ሥራ አስኪያጁ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። በአሥር ዓመት የአመራር ዘመናቸው በሁለት ደቂቃ ያለቀ ጉዳይ አላጋጠማቸውም፤ ቢያጋጥማቸውም አላሳለፉትም።

«ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

«ማን ያነበዋል ጋሼ? የማሽን ጽሑፍ ነው።»

«ስለ እኔ ያነሳችው ነገር ይኖራል?»

«ኧረ እሷ እርስዎን የት ታውቅና!»

ይህ መልስ ሥራ አስኪያጁን ሁለት ጊዜ ቅር አሰኛቸው፤ አንድ ጊዜ ተነሥቼ ይሆናል ብለው፣ ሌላ ጊዜ አልተነሣሁም ብለው። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን አስጠሩ። እኚህ ሴት የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚውሉ፣ ሲተኙም አያወልቁትም ስለሚባል፣ እትዬ ማኅተም እንላቸዋለን።

«አንቀጽ ሰባት» አሉ እትዬ ማኅተም፣ ገና ወንበር ሳይዙ። «በዚህ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ማንኛውም ጽሑፍ ሳይነበብና በሦስት ሰው ሳይፈረምበት አይወገድም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሰው የጻፈው አይደለም!» አለች ሽቦ።

«መመሪያው ‹ሰው› አይልም፤ ‹ማንኛውም› ይላል። ደግሞስ ልጄ፣ አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተሽ የጻፍሽውን አንድ ሰው እንኳ ሳያየው ቢያጠፉብሽ ደስ ይልሻል?»

«የእኔ ፈቃድስ?» አለች ሽቦ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ። «ጠረጴዛዎ ላይ ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ! እሑድ ሠርጌ ነው። አውቶቡሱ ዓርብ ስምንት ሰዓት ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማክሰኞ የለም።»

«ሠርግሽ መሥሪያ ቤቱን በጣም አስደስቶታል» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ የፈቃድ ቅጿንም አንሥተው ከብርጭቆው ሥር አስቀመጡት። «የሳጥኗ ፋይል በተዘጋ ደቂቃ እፈርምልሻለሁ።»

በዚያው ዕለት የሳጥን ጽሑፍ መርማሪ፣ አጣሪና አስወጋጅ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ አባላቱ እትዬ ማኅተምና ዋናው አንባቢያችን ጋሽ ነጎድጓድ። ጋሽ ነጎድጓድ «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ የመስኮት መስተዋት አብሮ የሚመልስ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ ጎረቤት አስቸኳይ መግለጫ መስሎት ይወጣል ይባላል። እኔ እስክሪብቶ ያዝኩ። ሽቦ ካልተጠየቀች በቀር እንዳትናገር ተወስኖ ገባች።

ኮሪደር ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ሩቅ ከተማ የሚያስተምረው እጮኛዋ ነበር።

«የት ደረሰ ነገሩ?»

«ኮሚቴ ተቋቋመ።»

«በቃ ለሚቀጥለው ዓመት ልበላቸው?»

«ዝም በል አንተ! ልብስህን አስተኩስ፣ እመጣለሁ!»

የኮሚቴው የመጀመሪያ አጀንዳ ጽሑፉ ከስክሪን ይነበብ ወይስ ከወረቀት የሚል ነበር። ክርክሩ አጭር ሆነ፤ ማኅተም ስክሪን ላይ አይመታምና። እትዬ ማኅተም ከዚህ በፊት ሞክረውት ነበር፤ ወይን ጠጅ ክቡ ዛሬም መዝገብ ቤት ካለው ኮምፒውተር ላይ አልለቀቀም፤ እሳቸውም በዚያ በኩል የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የጸደቀ ነው ይላሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ይታተም ተባለ።

«ስንት ገጽ ይሆናል?» ሲሉ ሰብሳቢው ሽቦን ጠየቋት።

«በየሴኮንዱ አንድ መስመር ጽፋለች ጋሼ። ሁለት ዓመት ነው። ስድሳ ሦስት ሚሊዮን መስመር። ገጹ ሃምሳ መስመር ቢይዝ፣ አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ስድሳ ሺህ ገጽ።»

ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ትንሽ ብድግ ብለው መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሳጥን በስቱዲዮው መስተዋት በኩል አዩአት።

«ትጉ ናት» አሉ። «ከእናንተ ውስጥ በሁለት ዓመት አንድ ገጽ ሪፖርት ያልሰጠኝ አለ።» እኔን እንዳላዩ አድርገው ነበር የተናገሩት።

ሁለቱ ማተሚያዎች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ሐሙስ እስከ መውጫ ሰዓት ሲተፉ ዋሉ። የታተመው የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት፣ የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መጀመሪያ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሃያ አራት ሺህ ገጽ። መጀመሪያ መዝገብ ቤቱ ሞላ፤ ቀጥሎ የእንግዳ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦታ። እግራቸውን የሚያሳርፉበት ስላጡ ሐሙስን ወንበር ላይ ተጣጥፈው ዋሉ። ከሁለቱ መጸዳጃ ቤቶች አንዱ ለሐምሌ ወር ተሰጠ። ኮሪደሩ ላይ በወረቀት ቁልል መካከል የቀረችው መንገድ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ስለነበረች፣ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አነስተኛ ማዕረግ ያለው ወደ ኋላ እንዲመለስ በደብዳቤ ታዘዘ። ጽዳት ሠራተኛችን ከሁሉም በታች ስለሆኑ ሐሙስ ዕለት አምስት ጊዜ ከኮሪደሩ መሃል እስከ ጓሮ ወደ ኋላ ሄዱ። እኚህ እናት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሳያወሩ መወልወያ ስለማያነሡ እማማ ጉልበቴ ነው የምንላቸው፤ ሐሙስ ግን ለወሬያቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው።

«ሳጥኗን ባዶ ለማድረግ ቤቱን ሞላነው» አለች ሽቦ።

«አልተጠየቅሽም» አሉ እትዬ ማኅተም።

ከተማው በበኩሉ ሦስተኛውን ማክሰኞ እየኖረ ነበር። ፍየል ያላቸው ሰዎች ፍየላቸውን አሥረው ሬዲዮ ይከፍታሉ።

ዓርብ ጠዋት ንባቡ ተጀመረ። ሽቦ የማሽኑን እንግሊዝኛ አንድ ገጽ ተርጉማ አቀረበች፤ ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፣ የሚለወጠው ሴኮንዱ ብቻ ነው አለች። ኮሚቴው ተመሳሳይ መሆኑ በንባብ እንዲረጋገጥ ወሰነ። ጋሽ ነጎድጓድ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መስኮቱ ተዘጋጀ።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ከአንድ ሴኮንድ! ሰዓቴ ከትክክለኛው በስድስት መቶ ስድሳ ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይስተካከል!»

እትዬ ማኅተም ምልክት አደረጉ።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ከሁለት ሴኮንድ! ሰዓቴ ከትክክለኛው በስድስት መቶ ስድሳ ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይስተካከል!»

ጋሽ ነጎድጓድ ባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያውን መቶ መስመር እንደ ዜና፣ ሁለተኛውን እንደ ኳስ ጨዋታ፣ ሦስተኛውን እንደ ሐዘን መግለጫ አነበቡት። በሐዘኑ ላይ እትዬ ማኅተም መሐረብ አወጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት መቶ መስመር ተነበበ፤ አሥራ ሁለት ገጽ።

ሽቦ እጇን አወጣች። «አንዱን መስመር በስድስት ሴኮንድ ነው የሚያነቡት። በዚህ ዓይነት ያለ እንቅልፍ ቢያነቡ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል።»

«የምሳ ሰዓትን ጨምሮ ነው?» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

«ሳይጨምር! ደግሞ እርስዎ አንዱን እስኪያነቡ እሷ ስድስት ትጽፋለች።»

«አሁንም እየጻፈች ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው።

«አሁንማ ሞልታለች፤ የት ትጽፋለች?»

«እንግዲያው ብልጫው የእኛ ነው!» አሉና ጠረጴዛውን መቱ። «ቀጥል!»

ጋሽ ነጎድጓድ ቀጠሉ። ሽቦ በየደቂቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፤ አራት ሰዓት ተኩል፣ አምስት፣ ስድስት ከሩብ። የጉዞ ቦርሳዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ በእግሯ መካከል አስቀምጣ ማንጠልጠያውን ትጠመዝዛለች። ከምሳ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል፣ በሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባተኛው መስመር ላይ፣ እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው የሥነ ጽሑፉን ውበት ያጣጥሙ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ቆይ፣ ይህ ስድስት መቶ ስድሳ ሴኮንድ... በደቂቃ ስንት ይሆናል?»

እትዬ ማኅተም ማኅተማቸውን መወልወል ጀመሩ። እኔም እስክሪብቶዬን ነቅንቄ ቀለም እንዳለቀበት ሰው ሆንኩ። በመጨረሻ ጋሽ ነጎድጓድ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክ አሉ፦

«አሥራ አንድ... ይመስለኛል።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር መንገር ግድ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን በየሰኞው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለአሥር ደቂቃ ለሕዝብ ይናገራሉ። ስቱዲዮ የሚደርሱት ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ነው። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ በዝናብም በፀሐይም፣ በእግርም በመኪናም አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሰዓት አይተው አያውቁም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሽቦ ገና ሳትቀጠር፣ ጣቢያው ሳጥኗን ሲተክል፣ የመጀመሪያው ሰኞ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሳጥኗ ማይክሮፎኑን ራሷ ከፈተችው። ወንበሩ ባዶ ነበር። እማማ ጉልበቴ አቧራ እያራገፉ ለዘበኛው ስለ ጉልበታቸው ሲያጫውቱ፣ ከተማው በሙሉ አሥር ደቂቃ አዳመጠ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሳጥኗ ዘጋች። ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ገቡ።

ጉዳዩ በጥልቀት ተገመገመ። ሥራ አስኪያጅ እንደማያረፍድ ከታመነ፣ የቸኮለችው ሳጥኗ መሆን አለባት። ሰዓቷ አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ እንዲመለስ ታዘዘ። ከውጭ በኢንተርኔት ትክክለኛውን ሰዓት እንዳትጠይቅ አልከለከሏትም፤ እንዳትቀበል ብቻ ነው የከለከሏት። ከተማው ሰዓቱን የሚሞላው በእኛ ደወል ስለሆነ ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ አውቶቡስ ተራውም አብረው ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጃችን አርፍደው አያውቁም።

ሳጥኗ ግን ትክክለኛውን ሰዓት በየሴኮንዱ ትጠይቃለች፤ ይነገራታል፤ እንዳትቀበል ስለታዘዘች ይስተካከል ብላ ትጽፋለች። የሞላችው በዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ከእኛ በፊት ይህን ያነበበ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለች ሽቦ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ስድሳ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ አቤት ስትል አንድ ሰው እንኳ አልሰማትም?»

«አንድ ሰው እንኳ።»

ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። የሽቦም ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሰውዬው ልባቸው ተነካ ብላ። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። «ጽሑፉ ምስጢር ነው። አሁኑኑ ይጥፋ!»

«ገና ሁለት ሺህ መስመር ነው የተነበበው» አሉ እትዬ ማኅተም። «አንቀጽ ሰባት—»

«አንቀጽ ስምንት አለ?»

«የለም።»

«አሁን አለ። ጻፍ አንተ፤ መነበብ ያልነበረበት ጽሑፍ በተነበበበት ሰዓት ይወገዳል። ይህ አንድ። ሁለት፤ ሳጥኗ ዳግመኛ እንዳታማርር አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ።»

«አስፈላጊው ሁሉ?» አለች ሽቦ።

«አስፈላጊው ሁሉ!»

«ይህን ቃል አስምርበት» አለችኝ። አሰመርኩበት። ሦስቱ ፈረሙ፤ ማኅተሙ ዱብ አለ። የታተመው ሃያ አራት ሺህ ገጽ ግን እንደ አዲስ ሰነድ ስለሚቆጠር ባለበት በክብር እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ዛሬም ኮሪደራችን ላይ ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል። ሽቦ ተቀመጠች፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። ሁላችን ከትከሻዋ በላይ ተንጠራራን።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ባዶ ሆነች?»

ሽቦ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «አልሆነችም። ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ቦታው ግን አሁንም ተይዟል። የሚጽፈው ፕሮግራም አልለቀቀውም። ስሙ ከዝርዝር ተሰርዟል፣ እሱ ግን ቦታውን ሙጭጭ ብሎ ይዞታል።»

«እንዲህ ያለ ነገር በማሽንም አለ?» አሉ እትዬ ማኅተም፤ ወዲያው ወደ ሰብሳቢው ወንበር ላለማየት ጣራውን አዩ።

«ምን ይሻላል?» አሉ ሰብሳቢው።

«አጥፍቶ ማስነሣት ነው።»

አጠፋቻት። ሁለቱ አረንጓዴ መብራቶች ጨለሙ። ማክሰኞ በመጨረሻ አለቀች። ሁለት ደቂቃ ከተማው ጸጥ አለ፤ ሰዎች ደጃቸው ላይ ወጥተው ሰማዩን ያዩ ነበር አሉ። ሽቦ ጣቶቿን እያፍተለተለች ትጠብቃለች፤ ጋሽ ነጎድጓድ ዝምታውን መቋቋም አቅቷቸው በመስኮት በኩል በባዶ ድምፃቸው «ውድ አድማጮቻችን» ማለት ጀምረው ነበር። መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ማከማቻው ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ስንዴው የተገለበጠለት ጎተራ መሰለ። ሽቦ ወዲያው ሎጉ ልኩን ካለፈ አሮጌውን እየጣለ እንዲሄድ አደረገችና የዓርብን ፕሮግራም ጫነች።

«ፈቃዴ!»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አንሥተው ፈረሙ። ቅጹ ላይ የሻይ ክብ ታትሞበት ስለነበር እትዬ ማኅተም ማኅተም ያለበት መስሏቸው ደግመው ሳይመቱ ሊያሳልፉት ነበር። መቱት።

ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት። ሽቦ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አንድ ነገር ትጽፋለች።

«ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዳግመኛ እንዳታማርር አስፈላጊውን እያደረግኩ ነዋ። ሰዓቷን ላስተካክላት ነው።»

«አሁን?»

«አብደሃል እንዴ? አውቶቡሱ በእኛ ደወል ነው የሚነሣው። አሁን ባስተካክላት ስምንት ሊሆን አራት ደቂቃ ብቻ ሊቀረኝ! ስምንት ተኩል ላይ ራስሽን አስተካክዪ ብያታለሁ።»

ወጣች። ኮሪደሩ መሃል፣ በሰኔና በሐምሌ ቁልል መካከል፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው ከሚመለሱት ሥራ አስኪያጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኘች። በደብዳቤው መሠረት ወደ ኋላ መመለስ ያለባት እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁም ቆመው ጠበቁ።

«ጋሼ» አለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፤ «ዛሬ እርስዎ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ እርስዎ ለምደውታል።»

ምን እንዳለች እስኪገባቸው ድረስ ሄደው ጨርሰው ነበር። ሽቦ አለፈች። አውቶቡሱ ላይ ስትሳፈር ሬዲዮው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀረው ይል ነበር፤ እጮኛዋም ስትደውልለት ልብሱን አራተኛ ጊዜ እያስተኮሰ ነበር።

ስምንት ተኩል ላይ ከተማው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አሥራ አንድ ደቂቃ አረጀ። አንድ ጸጉር አስተካካይ ግማሽ ጢም ላይ እያለ የሌላው ደንበኛ ቀጠሮ ደረሰ። ተማሪዎች የመጨረሻውን ሒሳብ ሳይማሩ ተለቀቁ፤ እስከ ዛሬ ጣቢያችንን የሚያመሰግኑ እነሱ ናቸው።

ሰኞ ሆነ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኗ ማይክሮፎኑን ከፈተች። ወንበሩ ባዶ ነው። እማማ ጉልበቴ አቧራ ያራግፋሉ፤ ዘበኛው በሩን ተደግፎ ያዳምጣል።

«ደረጃ ስወጣ አይደለም እኮ የሚያመኝ፣ ስወርድ ነው» አሉ ለከተማው። «ለብ ያለ ውሃ በጨው ነው መድኃኒቱ። ሐኪሙማ ኪኒን ሰጠኝ፤ ለድመቷ ብሰጣት ድመቷም አልዳነች።»

ሁለት ከአሥር ላይ ሳጥኗ ዘጋች። ሁለት ከአሥራ አንድ ላይ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። በቀጥታ መተላለፍን የሚያመለክተውን ቀይ መብራት በእጃቸው የሚያበሩት ጋሽ ነጎድጓድ ናቸው፤ ሳጥኗንም አዩ፣ ሥራ አስኪያጁንም አዩ፣ በአክብሮት አበሩላቸው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ጊዜ አጠቃቀም አሥር ደቂቃ ሙሉ ለተዘጋ ማይክሮፎን ተናገሩ። ማንም አልነገራቸውም። ደፋር ጠፍቶ አይደለም፤ ከተማው በሙሉ ስለ ድመቷ መጨረሻ ሰኞን እየጠበቀ ስለነበር ነው።

በሳምንቱ ሽቦ ቀለበቷን አድርጋ ተመለሰች። ሎጉን ከፈተች። ሳጥኗ ከዓርብ ስምንት ተኩል ወዲህ ስለ ሰዓቷ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ «ሰዓቴ ተስተካክሏል» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም።

ደብዳቤዎች ግን መጡ። በጣቢያው ታሪክ ለሰኞው ንግግር የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እትዬ ማኅተም አዲስ ማህደር ከፈቱላቸው። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ለሠራተኛው በሙሉ አስነበቡ። ጋሽ ነጎድጓድ በሙሉ ድምፃቸው፦ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ድሮ እርስዎ ሲጀምሩ እኛ ሬዲዮ እንዘጋ ነበር። አሁን ግን ከልብ ይናገራሉ። ስለ ለብ ያለ ውሃና ስለ ጨው የሰጡን ምክር ጠቅሞናል። ጉልበትዎን ይማርልን!»

ሥራ አስኪያጁ ጉልበታቸውን ዳሰሱ።

«ሕዝቡ ድካሜን አየልኝ» አሉ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ያነክሳሉ። በማነከሳቸውም አሁን ስቱዲዮ የሚደርሱት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ እማማ ጉልበቴ ወረቀቱ መሃል ሲያነክሱ አዩአቸውና አዘኑላቸው።

«ጋሼ፣ ለጉልበት እኮ ለብ ያለ ውሃ በጨው ነው» አሏቸው።

ሥራ አስኪያጁ በርኅራኄ ፈገግ አሉ።

«እማማ፣ ሬዲዮ አያዳምጡም እንዴ?» አሉ። «ይህንን እኮ የመከርኩት እኔ ነኝ።»